ተከታይ ሁሉ ገዢ አይደለም

በሐርጌሳ የእንስሳት ገበያ፣ እንዲሁም ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ባሉ ብዙ የሶማሌ አካባቢ ገበያዎች የግመል ዋጋ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ሻጭና ገዢ ወይም ደላሎቻቸው እጅ ለእጅ ይያያዙና በሻል ጫፍ ይሸፍኑታል። ከጨርቁ ስር ጣት ይጨበጣል፣ ጣት ይለቀቃል። ከበው የቆሙት ሰዎች የሚያዩት የሁለቱን ፊት ብቻ ነው። ካልተስማሙ ሻጩ ወደሚቀጥለው ገዢ ይዞራል፤ አዲሱ ገዢም የቀደመው ስንት እንደሰጠ አያውቅም። ጨርቁ ዋጋው የሚመለከተው ሰው ብቻ ዘንድ እንዲቆይ ያደርጋል።

ይኸው ነጋዴ ማታ ስልኩን ይከፍታል እንበል። ቀን የገዛቸውን ግመሎች ቪዲዮ ከነሙዚቃው ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ከስሩ "ዛሬ ባቢሌ፣ ነገ ቶጎጫሌ፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይጽፋል። አንድ የማያውቀው ሰው "ወንድም፣ ስንት ስንት ገቡልህ?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም ደስ ብሎት ይመልሳል። ቀን በጨርቅ የሸፈነውን ማታ በገዛ እጁ ገለጠው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ ዛሬ በሞያሌም፣ በመተማም፣ በጂግጂጋም እንግዳ አይደለም። ብዙ ነጋዴ የግል አካውንቱን ሱቅም፣ የፎቶ አልበምም፣ የወዳጅ መጠያየቂያም አድርጎታል። በዚህ ውስጥ ነውር የለም። ነገር ግን አካውንቱ የሥራ መሣሪያ ከሆነ ማን እንደሚያየውና ምን እንደሚያይ መወሰን እንደ መኖና እንደ ትራንስፖርት ሁሉ የንግዱ አካል ነው። ይህን ያልወሰነ ነጋዴ ክፍያውን ከትርፉ ይከፍላል፤ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ዘመን ደግሞ ከትርፍ በላይ የሆነ ነገርም ሊከፍል ይችላል።

ተከታዩ ማን ነው?

ፌስቡክ ለአንድ የግል አካውንት የሚፈቅደው ጓደኛ እስከ 5,000 ድረስ ነው። ተከታይ ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የጓደኝነት ጥያቄ ልኮ መልስ ያላገኘ ሰው እንኳ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልከለከለ፣ በዚያው ተከታይ ሆኖ ይቀራል፤ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ልጥፍ ሁሉ ያያል። ብዙ ነጋዴ ይህን አያውቅም። ጥያቄውን አልተቀበልኩም ብሎ በሩን የዘጋ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል አንድ ነጋዴ በእውነት የሚገበያያቸውን ሰዎች በደብተሩ ቢቆጥር ጥቂት ደርዘን ናቸው፤ ገዢዎቹ፣ ደላሎቹ፣ ሾፌሮቹ፣ እረኞቹ፣ መኖ የሚያቀርብለትና ገንዘብ የሚያዘዋውርለት። የቀሩት ሺዎች ምንድን ናቸው? አብዛኞቹ ክፋት የሌለባቸው፣ ከብት ማየት የሚወዱ ወጣቶችና በሩቅ አገር ሆነው ቀዬአቸውን የሚናፍቁ ዘመዶች ናቸው። በመካከላቸው ግን ተወዳዳሪው አለ፤ የተወዳዳሪው ደላላም አለ። ዋጋ ለመስበር ቀን የሚጠብቅ ገዢ፣ ብድሩን የሚከታተል አበዳሪ፣ ጭነት የሚጠብቅ ዘራፊም ሊኖር ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያያሉ፤ የሚያነቡት ግን የተለያየ ነው። ወጣቱ ቆንጆ ግመል ሲያይ ደላላው የሻጩን ችኮላ ያያል።

የአንድ ልጥፍ ዋጋ በብር

ነገሩን ለስሌት ያህል በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ነጋዴ 300 በግና ፍየል ይዞ ድንበር አጠገብ ደረሰ እንበል። ለመኖ፣ ለውሃና ለእረኛ በቀን ለአንድ ራስ 40 ብር ቢያወጣ የቀኑ ወጪ 12,000 ብር ነው። ነጋዴው "በሰላም ገባን፣ መኪናዎቹ ነገ ይመለሳሉ" ብሎ ለጠፈ። ገዢው ይህን ሲያይ ሁለት ነገር አወቀ፤ እንስሳቱ ደርሰዋል፣ ወደ ኋላ የሚመልሳቸው መኪና ግን የለም። ስለዚህ ስልክ አላነሳም። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ከታሰበው ዋጋ በራስ 150 ብር ቀነሰ።

ሂሳቡ ይኸው ነው። የሦስት ቀን ወጪ 36,000 ብር። የዋጋ ቅናሹ 45,000 ብር። ድምሩ 81,000 ብር፣ በአንድ ራስ 270 ብር ማለት ነው። በሦስቱ ቀን እንስሳቱ የቀነሱት ክብደት እዚህ ውስጥ አልገባም። ከተጠጋጋ መንጋ ጋር የሚመጣው የበሽታ ስጋትም እንዲሁ።

በእንስሳት ንግድ ጊዜ ሁልጊዜ ከገዢው ጋር ነው። እህል መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል፤ በግ ግን በየቀኑ ይበላል፣ ይከሳል፣ ይታመማል። የሐጅ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ መርከቡ የተወሰነ ቀን አለው፤ ያ ቀን ካለፈ የመሥዋዕት በግ ተራ በግ ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው ካሉት ጥቂት መከላከያዎች አንዱ ምን ያህል እንደቸኮለ ገዢው አለማወቁ ነው። ያንን መከላከያ በነፃ ማደል ተከታይ ያስገኝ ይሆናል፤ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

አንድ ልጥፍ ብቻውን ባይጎዳ እንኳ የብዙ ወራት ልጥፎች ተደምረው ካርታ ይሆናሉ። ነጋዴው በየስንት ቀኑ እንደሚጭን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድር፣ የአይሱዙው ሰሌዳ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ጥሬ ገንዘብ መቼ እንደሚይዝ ከኋላ እየቆጠሩ ማወቅ ይቻላል። ዝርፊያና እገታ ባለበት መንገድ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሾፌሩና እረኛውም በዚሁ መኪና ላይ ናቸው፤ እነሱ ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም።

የጓደኛ ዝርዝር የደንበኛ ዝርዝር ነው

ብዙ ሰው የሚለጥፈውን ይጠነቀቅና የጓደኞቹን ዝርዝር ክፍት ይተዋል። ለነጋዴ ይህ የደንበኛ ደብተርን ገበያ መሐል ዘርግቶ መተው ነው። ተወዳዳሪው በፌስቡክ የጓደኞች ዝርዝር ውስጥ የጅዳውን አስመጪ፣ የበርበራውን ወኪል፣ የጋሪሳውን ሥጋ ነጋዴ አንድ በአንድ ያገኛል። ለዓመታት በመተማመን የተሠራ ግንኙነት በአንድ ምሽት መልእክት ሊነካ ይችላል።

ከዚህ የባሰው አስመስሎ መክፈት ነው። የነጋዴውን ስምና ፎቶ የያዘ ሁለተኛ አካውንት ይከፈታል፤ የራሱ ቪዲዮዎች ተገልብጠው ይለጠፋሉ፤ ከዚያ ከክፍት የጓደኛ ዝርዝሩ ላይ የተለቀሙት ደንበኞች "በጎቹ ደርሰዋል፣ ቀብድ ላክና ልያዝልህ" የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ገንዘብ በስልክ በደቂቃ በሚተላለፍበት በዚህ ጊዜ ቀብዱ ከሄደ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። እውነተኛው ነጋዴ ምንም ሳይሠራ ስሙ ይጠፋል። በድንበር ንግድ ደግሞ ብዙው ሥራ የሚሠራው በወረቀት ሳይሆን በስም ነው።

ሌላው መንገድ የዋትስአፕ አካውንትን መንጠቅ ነው። አንድ "ወዳጅ" ደውሎ "በስህተት በአንተ ስልክ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ተልኮልኛል፣ ንገረኝ" ይላል። ቁጥሩን የነገረው ሰው አካውንቱን አስረከበ። ከዚያ በኋላ ከደንበኞቹ ጋር የሚያወራው ሌባው ነው።

የሻጩም ገመና አለ

ፎቶው ውስጥ የነጋዴው ንብረት ብቻ አይታይም። ከብቱን የሸጠው አርብቶ አደር፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ በረቱ አብረው ይታያሉ። በብዙ አርብቶ አደሮች ዘንድ የሰውን ከብት ቁጥር መጠየቅ እንኳ ነውር ነው፤ በባንክ ያለውን ገንዘብ እንደመጠየቅ ይቆጠራል። "ከእኚህ አባት 40 በሬ ገዛን" ብሎ ፊታቸውን ማውጣት ሽማግሌው ዛሬ ማታ ቤታቸው ስንት ብር እንዳለ ለአገር ማወጅ ነው። በድርቅ ጊዜ ተገዶ የሸጠ ሰው ደግሞ የከሱ ላሞቹ በሺዎች ስልክ ላይ ሲዞሩ ማየት ያቆስለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ከብቱን ለማን እንደሚሸጥ ሲመርጥ ይህን አይረሳም።

ሕጉም ወደዚህ እየመጣ ነው። ኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥታለች። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚደርሰው የነጋዴው ጨዋነት ነው።

ሊሸሸግ የማይገባው፦ በሽታ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገመናን መጠበቅ በሽታን ከመደበቅ ጋር ፈጽሞ መምታታት የለበትም። የዚህ አካባቢ ነጋዴ ይህን በኪሱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ እንስሳትን አገደች። እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። በዚያ መካከል ንጹሕ እንስሳ የነበረው ነጋዴም ከታመመበት እኩል ተጎድቷል።

ስለዚህ የታመመ እንስሳ ያየ ነጋዴ ወዲያው፣ ሳይቀንስና ሳይጨምር፣ ለእንስሳት ሐኪም መናገር አለበት። ከየት እንደተገዛ፣ ከየትኛው መንጋ ጋር እንደተቀላቀለ፣ በየት እንዳለፈ፣ ስንት እንደሞተ መንገር አለበት። ለሐኪሙና ለለይቶ ማቆያ ጣቢያው ምንም ሚስጥር የለም፤ ለጉምሩክም እንዲሁ። ከሕዝብ ዓይን የሚጠበቀው ነገር ከሕግ ዓይን የሚሸሽ ከሆነ ስሙ ገመና መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ይሆናል።

ቪዲዮውን ለሺዎች መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አፉ የቆሰለ ፍየል በስልክ ሲታይ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ሊመስል ይችላል፤ የአፍና እግር በሽታም ሊመስል ይችላል፤ እሾህ የወጋውም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ምርመራ ነው። ቪዲዮው ግን ምርመራ አይጠብቅም። በአንድ ቀን ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይሻገራል፤ ቀኑና ቦታው ይጠፋል፤ የዓምናው የዘንድሮ ይሆናል፤ የአንዱ ወረዳ የአገሩ ሁሉ ይሆናል። ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ሲደነግጥ የሚያቆመው የአንዱን ነጋዴ ጭነት ብቻ አይደለም። ለሐኪም የተላከ ቪዲዮ ወረርሽኝ ያቆማል፤ ለተከታይ የተለቀቀ ቪዲዮ ገበያ ያቆማል።

"ካልታየሁ ማን ይገዛኛል?"

የሚነሳው ተቃውሞ ትክክለኛ መሠረት አለው። በቲክቶክ ገዢ ያገኙ፣ በቴሌግራም ግሩፕ የሩቅ ገበያ ዋጋ አውቀው ከደላላ ብዝበዛ የዳኑ ወጣት ነጋዴዎችና አርቢዎች አሉ። ለእነሱ ስልኩ በር ከፍቷል። "ዝም በሉ፣ ተደበቁ" ማለት የተከፈተውን በር መልሶ መዝጋትና ገበያውን ለጥቂት አሮጌ እጆች መስጠት ይሆናል።

ነገር ግን የገበያ ዋጋና የአንድ ሰው ውል አንድ አይደሉም። "ዛሬ በዚህ ገበያ መካከለኛ ወጠጤ ከዚህ እስከዚህ ዋጋ ዋለ" የሚለው መረጃ ለሁሉም መድረሱ ጥሩ ነው፤ አርቢውንም ነጋዴውንም ይጠቅማል። "እኔ በዚህ ዋጋ ገዛሁ፣ ለእገሌ በዚህ ቀን አስረክባለሁ" የሚለው ግን ለሁለት ሰዎች የተሠራ ነው። የሐርጌሳው ገበያ ራሱ ይህን ለይቶ ያውቃል። ግመሉ ሁሉ ሜዳ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳሰሳል። የተሸፈነው እጁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የሚታየውንና የሚሸፈነውን መለየት ነው። የእንስሳው ዓይነት፣ ጥራትና ዕድሜ፣ የሐኪም ምስክር ወረቀት መኖሩ፣ የነጋዴው ስምና የሥራ ስልክ ይታይ። የተገዛበት ዋጋ፣ የሚጫንበት ሰዓት፣ የሚሄድበት መንገድ፣ የገዢው ማንነት፣ የሻጩ ፊት ይሸፈን። ጉዞ የሚለጠፍ ከሆነም እንስሳቱ ከተረከቡና ገንዘቡ ከገባ በኋላ ይለጠፍ። ከሳምንት በኋላ የወጣ ቪዲዮ ውበቱ አይቀንስም።

የአንድ ምሽት ሥራ

ይህን ለማስተካከል ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፤ አንድ ምሽት ይበቃል።

መጀመሪያ የግሉንና የንግዱን መለየት። የልጆች ፎቶና የቤተሰብ ሠርግ በአንድ አካውንት፣ ለሽያጭ የቀረበ እንስሳ በሌላ ገጽ ይሁን። የግሉ አካውንት ለጓደኞች ብቻ ይሁን፤ የንግዱ ለሁሉም ክፍት ይሁን።

ቀጥሎ ፌስቡክ ላይ ሦስት ነገሮችን ማየት፤ ልጥፍን ማን ያያል፣ ማን መከተል ይችላል፣ የጓደኛ ዝርዝሩን ማን ያያል። የድሮ ልጥፎችን አንድ በአንድ ማጥፋት ሳያስፈልግ ሁሉንም በአንዴ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ማስተካከያም አለ። ቲክቶክ ላይ አካውንቱን የግል ማድረግ አዲስ ተከታይ በፈቃድ ብቻ እንዲገባ ያደርጋል፤ የቀድሞዎቹ ግን ስለሚቀሩ ዝርዝሩን አይቶ የማያውቁትን ማስወጣት ያስፈልጋል። ማስወጣት ጠብ አይደለም፤ አንድ ሰው ከበረት ወደ ሜዳ ተመለሰ ማለት ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርን ማን እንደሚያይና ወደ ግሩፕ ማን እንደሚያስገባ መወሰን ይቻላል። ዋትስአፕ ላይ ግን በግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ሊያይ እንደሚችል አስቦ መግባት ይሻላል። የዋትስአፕን ባለ 6 አሃዝ ተጨማሪ የይለፍ ቁጥር ማብራት፣ በመልእክት የመጣን ኮድ ለማንም፣ ለወንድምም ቢሆን፣ አለመንገር ትልቁን የመነጠቅ በር ይዘጋል። ፎቶ እንደ ፋይል ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ እንደሚችልም ማወቅ ጥሩ ነው።

ጭነት መንገድ ላይ ሲሆን ቦታን ማንም እንዳያውቅ ማድረግም ጥበብ አይደለም። ዋትስአፕ ቀጥታ ያሉበትን ቦታ ለተመረጠ ሰው ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ያሳያል። ለሽርካውና ለቤተሰቡ ይህን ያላከ፣ ለሺዎች ግን "አሁን ሜጋ ደረስን" ብሎ የለጠፈ ነጋዴ ነገሩን ገልብጦታል።

መጨረሻ ላይ ከደንበኛ ጋር አንድ ነገር በቃል መስማማት ይገባል፤ ቀብድ ከመላኩ በፊት በሚታወቀው ቁጥር ይደወላል፣ ድምፅ ይሰማል። አዲስ አካውንት፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ የገንዘብ መቀበያ ከመጣ ሳይደወል ምንም አይላክ። ይህች ልማድ ከየትኛውም የስልክ ማስተካከያ ትበልጣለች።

ከነጋዴዎች ማኅበራትም የሚጠበቅ አለ። የየገበያውን ዕለታዊ ዋጋ የማንንም ስም ሳይጠሩ በአንድ ቦታ ቢያወጡ ወጣቱ ነጋዴ ዋጋ ለማወቅ ሲል የራሱን ውል አይገልጥም። አስመስሎ የተከፈተ አካውንት ሲገኝ ደግሞ አባሎቻቸው ቀብድ ሳይልኩ በፊት ማስጠንቀቂያ ቢያዳርሱ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

የሐርጌሳው ደላላ እጁን ሲሸፍን ማንም አይቀየመውም፤ ከበው የቆሙትም ወዳጆቹ ናቸው። አንዳቸውም ጨርቁን ገልጠው አያዩም። በስልክ ላይ ግን ጨርቁን የሚያለብሰው ራሱ ነጋዴው ካልሆነ ሌላ ማንም አያለብሰውም።